ገብስማዋ ካልተነሳች ደብዳቤው አይሄድም

ቅርብ ያለ ይስማኝ፣ ሩቅ ያለ ይጠጋኝ። ጫፏ ሲያዝ ክር የምትመስል፣ ሲስቧት ግን ጠፍር የምትሆን ነገር ላውራችሁ።

አንዲት ትንሽ ነገር የፈለገ አንድ ሰው ነበር። ስሙ አንዳርጌ ነው። ዕድሜው ሃያ ሁለት፣ ሙያው ብየዳ፣ ንግግሩ አጭር። ማን አሳደገህ ሲሉት «ብዙ ናቸው» ይላል፤ ማንም እንዳላሳደገው ግን የጠየቀው ሁሉ ይገባዋል።

የፈለጋት ነገር አንዲት ደብዳቤ ናት። ሩቅ ከተማ ያለ አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ስድስት በያጅ ይቀጥራል። አምስቱ ገብተዋል። ስድስተኛው አንዳርጌ እንዲሆን ተፈትኖ አልፏል፤ የቀረችው ከተማረበት ማሠልጠኛ የምትመጣ፣ «ይህ ሰው እኛ ዘንድ ተምሯል፣ ጠባዩም መልካም ነው» የምትል ደብዳቤ ብቻ ናት። የጋራዡ ሰዎች ፎርጅድ ወረቀት ስለሰለቻቸው በእጅ የመጣ ወረቀት አይቀበሉም። ከማሠልጠኛው በኢሜይል፣ በቀጥታ፣ ዛሬ ከዐሥር ሰዓት በፊት። ዐሥር ሰዓት ካለፈ ቦታው የተጠባባቂው ነው።

አንዳርጌ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ደረሰ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል፣ መነጽራቸውም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሊወድቅ ሲል ኖሯል። ስሙን ከደብዳቤ ፕሮግራሙ ላይ ፈልገው አወጡ። ፕሮግራሙ ደብዳቤውን ራሱ ይጽፋል፣ ጽፎም ለኢሜይሉ ያቀብላል፣ ኢሜይሉ ደግሞ በወይዘሮ ጥሩወርቅ ስም ይልከዋል። ደንቡ እንዲህ ነው። ዛሬ ግን ስክሪኑ መሐል ላይ አንድ ሳጥን ብቅ አለ። በሳጥኑ ውስጥ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሌላ ፕሮግራም በስምዎ መልእክት ሊልክ ነው። ይፈቅዱለታል?» ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ «ፍቀድ»፣ አንዱ «ከልክል»።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን ከማውሱ ላይ እንደ ጋለ ድስት አነሱት።

ምክንያት አላቸው። አምና ይኸው ሳጥን መጥቶባቸው፣ ሳያነቡ «ፍቀድ»ን ጫኑና ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ፕሮግራም በስማቸው ለአራት መቶ ሰው የክብደት መቀነሻ ክኒን ማስታወቂያ ላከ። ለዲኑም ደረሰው፣ ለነፍስ አባታቸውም ደረሳቸው። እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳይቀር ጠጋ ብሎ «ክኒኑ መቼ ይመጣል?» የሚላቸው ሰው አለ።

«ስሜ አንድ ነው» አሉ። «ያገኘው ሁሉ እየለበሰው የሚወጣ ካፖርት አይደለም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጫንም አሉ፣ ሳጥኑ አላሳልፍም አለ፣ ደብዳቤው አልሄድም አለ፣ አንዳርጌም ቆሞ ቀረ።

ምን ሲሆን እንደሚጫኑ ጠየቃቸው። ከስክሪኑ ጥግ ያለች ትንሽ ጋሻ አሳዩት። ጋሻዋ የአንቲቫይረሱ ምልክት ናት። የኮምፒውተር ባለሙያው ያስተማራቸውን እንደ ዳዊት ሸምድደውታል፦ ጋሻው አረንጓዴ ከሆነና የሚልከውን ፕሮግራም ካወቁት ይፍቀዱ፤ ጋሻው ቀይ ከሆነ እኔ ራሴ መጥቼ ብለምንዎ እንኳ እንዳይፈቅዱ። ጋሻው ቀይ ነው፤ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ አዲስ ወሬ አልደረሰኝም፣ የአምናውን ሌባ እንጂ የዘንድሮውን መልኩን አላውቅም፣ ስለዚህ ተኝቻለሁ ይላል።

አንቲቫይረሱ አልነቃም አለ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጫንም አሉ፣ ሳጥኑ አላሳልፍም አለ፣ ደብዳቤው አልሄድም አለ፣ አንዳርጌም ቆሞ ቀረ።

አንዳርጌ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ለምኖ አያውቅም። እምቢ ካሉት ዞሮ መሄድ ነው ልማዱ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ብዙ በር ላይ ተምሮታል። ዛሬ ግን እግሩ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ደረጃው ወሰደው። ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ባለሙያው ሙሉቀን ዘንድ ወጣ።

ሙሉቀን ገና ሲያየው ክኒን ፈልጎ ከሆነ አንደኛ ፎቅ ነው አለው። ነገሩን ሲሰማ ግን ቀላል ነው ብሎ ስልክ አነሳና ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ደወለ። ሳጥኑ ሁለተኛ እንዳይመጣ፣ ማንም ፕሮግራም ሳይጠይቅ እንዲልክ አድርጎ ሊያስተካክለው እንደሚችል ነገራቸው። መልሳቸው ከስልኩ አልፎ አንዳርጌ ጆሮ ገባ።

«ውሻው ጮኸ ብለህ አፉን ታስራለህ? ከፈለግህ የተኛውን ዘበኛ ቀስቅስልኝ።»

ሙሉቀን ስልኩን አስቀመጠ። አንቲቫይረሱ የየዕለቱን ወሬ የሚቀበለው ስቶር ውስጥ ካለው ትልቁ ኮምፒውተር እንደሆነ፣ ከትልቁ ኮምፒውተር የሚወጣው ገመድ ከተነቀለ አሥራ ስምንት ቀን እንዳለፈው አስረዳው። ወሬውን በፍላሽ እንዳይወስድለት ፍላሽ ክልክል ነው፤ የከለከለው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ስቶሩ ተከፍቶ ገመዱ ካልተሰካ በቀር ንቅንቅ አልልም አለ።

ሙሉቀን አልቀሰቅስም አለ፣ አንቲቫይረሱ አልነቃም አለ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጫንም አሉ፣ ሳጥኑ አላሳልፍም አለ፣ ደብዳቤው አልሄድም አለ፣ አንዳርጌም ቆሞ ቀረ።

ብዙ ግን አልቆመም። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን ወርዶ የንብረት ክፍሉን ኃላፊ አቶ ፈለቀን ፍለጋ ሄደ። የስቶሩ ቁልፍ ወገባቸው ላይ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ከከፈቱት አሥራ ስምንት ቀን አልፏል። ለምን ቢላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስቶሩ ውስጥ ያልተመዘገበ ንብረት አለ።»

«ምን?»

«ዶሮ።»

የዘበኛው የጋሼ ደግፌ ገብስማ ዶሮ በተሰበረው መስኮት ገብታ፣ የድሮ የፈተና ወረቀት ቦጫጭቃ፣ ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ጎጆ ሠርታለች። ኮምፒውተሩ ሌት ተቀን ይሞቃል፤ ለታቀፈች ዶሮ ከዚህ የተሻለ አልጋ የለም። ጎጆዋን ስትቆፍር ገመዱን ነቅላ ጫፉን ከእንቁላሉ ጋር አብራ ታቅፋዋለች። አቶ ፈለቀ በመጀመሪያው ቀን ሊያዩ ገብተው አውራ ጣታቸውን ነክሳቸዋለች፤ ፕላስተሩ እስካሁን አለ። ጣቱስ ይድን ነበር። ነገር ግን ገቢ ያልሆነች ዶሮ በምን ሰነድ ወጪ ትሆናለች? ኦዲተር ቢመጣ ምን ይባላል? ደግሞ አንዷ ገብታ አሥራ ሦስት ብትወጣስ፣ ትርፉ የማን ነው? ባለቤቱ ኃላፊነት ካልወሰደ አልከፍትም አሉ።

አቶ ፈለቀ አልከፍትም አሉ፣ ሙሉቀን አልቀሰቅስም አለ፣ አንቲቫይረሱ አልነቃም አለ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጫንም አሉ፣ ሳጥኑ አላሳልፍም አለ፣ ደብዳቤው አልሄድም አለ፣ አንዳርጌም ቆሞ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ሆነ፣ ሁሉም ዘግቶ ሄደ። ሁሉም ተመለሰ። ስምንት ሰዓት አለፈ። አንዳርጌ ጋሼ ደግፌን ከበሩ ዘብ ቤት አገኛቸው። ሽማግሌው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ክኒኑ ጋ ሲደርስም ሳቁ፣ ፕላስተሩ ጋ ሲደርስም ሳቁ። ያንሷት ሲላቸው ግን ሳቃቸው ቆመ።

«የታቀፈች ዶሮ በግድ ስትነሳ አይተህ ታውቃለህ? ጥላቸው ትሄዳለች። አሥራ ሁለት ነፍስ ነው፣ የቀራቸው ሦስት ቀን ነው።» በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «አንተ መቀጠር ትፈልጋለህ፣ እነሱ መወለድ ይፈልጋሉ። እስቲ ማን ይቅደም? አንተው ፍረድ።»

አንዳርጌ አልፈረደም።

ጋሼ ደግፌ አላነሳትም አሉ፣ አቶ ፈለቀ አልከፍትም አሉ፣ ሙሉቀን አልቀሰቅስም አለ፣ አንቲቫይረሱ አልነቃም አለ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጫንም አሉ፣ ሳጥኑ አላሳልፍም አለ፣ ደብዳቤው አልሄድም አለ፣ አንዳርጌም ቆሞ ቀረ።

እንግዲህ ከሰው የቀረ የለም። የቀረችው ዶሮዋ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲል አንዳርጌ በስቶሩ ጀርባ ዞሮ ከተሰበረው መስኮት ሥር ቆመና ወደ ውስጥ አየ። ገብስማዋ ከመስኮቱ አንድ ክንድ ርቃ፣ ሜዳ የሚያህል ኮምፒውተር ላይ እንደ ባላባት ተንሰራፍታለች። በአንድ ዓይኗ አየችው። ላባዋን ነፋች። ቅርርር አለች፤ በዶሮ ቋንቋ እምቢ ማለት ነው።

ገብስማዋ አልነሳም አለች፣ ጋሼ ደግፌ አላነሳትም አሉ፣ አቶ ፈለቀ አልከፍትም አሉ፣ ሙሉቀን አልቀሰቅስም አለ፣ አንቲቫይረሱ አልነቃም አለ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጫንም አሉ፣ ሳጥኑ አላሳልፍም አለ፣ ደብዳቤው አልሄድም አለ፣ አንዳርጌም…

አንዳርጌ እዚህ ላይ አሰበ። አንድ ነገር ታየው፤ ዶሮዋን የሚያውቅ ሁሉ ትነሳ አትነሳ እያለ ይከራከራል እንጂ፣ ዶሮዋ እንድትነሳ የሚፈልግ ማንም የለም። የሚፈለገው ከሥሯ ያለው ገመድ ነው።

እጅጌውን ጠቀለለ። ጋሼ ደግፌ ተከትለውት መጥተው ኖሮ በትራቸውን ከፊቱ አሳለፉበት።

«ብትጥላቸውስ?»

«አትጥልም።»

«በምን አወቅህ?»

«አብሬያቸው አድሬያለሁ» አለ አንዳርጌ።

ያደረው ሦስት ክረምት ነው። ሲጀምር አሥር ዓመቱ ነበር። የሰው ዶሮ እርባታ ነው፣ ውስጡ ይሞቃል፣ ከውጭ ዝናብ ነው። ይህን ለጋሼ ደግፌ አልነገራቸውም። ሽማግሌው ግን ፊቱን አዩና በትሩን አነሱለት።

ክንዱን በመስኮቱ አሳልፎ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አኖረ፤ እስኪሞቅለት ጠበቀ፤ ቀዝቃዛ እጅ ዶሮ አትወድም። ከዚያ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ በቀስታ ከደረቷ ሥር ከተተ። አንዴ ነከሰችው። ዝም አለ። ሁለቴ ነከሰችው። ዝም አለ። ሦስተኛውን ልትሠነዝር አንገቷን ሰብቃ አሰበችበትና፣ ይህ ደግሞ ትልቅ እንቁላል መሆን አለበት ያለች ይመስል እጁ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። በጣቶቹ ከእንቁላል እንቁላል እየዘለለ ፈለገ። ገመዱን አገኘ። ጫፉን ይዞ ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ አደረገው፣ ወጣ። ገብስማዋ አልተነሳችም። ዓይኗን ጨፈነች።

ጋሼ ደግፌ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። ዶሮዋ የኔ ናት፣ በስሜ ጻፋት፣ ጫጩቶቹንም በስሜ ጻፋቸው ብለው ለአቶ ፈለቀ ፈረሙላቸው፤ አቶ ፈለቀም ሰነድ ካገኙ ወዲያ የሚፈሩት አልነበራቸውም፣ ጣታቸውን ከኪሳቸው ከትተው በሌላው እጃቸው ቁልፉን አወጡ።

ገብስማዋ ለቀቀች፣ ጋሼ ደግፌ ፈረሙ፣ አቶ ፈለቀ ከፈቱ፣ ሙሉቀን ሰካና ቀሰቀሰ፣ አንቲቫይረሱ አፋሸገና ነቃ፤ የአሥራ ስምንት ቀን ወሬውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣና ጋሻው እንደ መስከረም ሜዳ አረንጓዴ ሆነ። ሰዓቱ ለዐሥር ስምንት ጉዳይ ነው። ሁሉም መዝገብ ቤት ገብተው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጀርባ ተደርድረዋል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳጥኑን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። የሚልከው የራሳቸው የደብዳቤ ፕሮግራም ነው፣ ያውቁታል። ደግመው አነበቡት። ለዐሥር ስድስት ጉዳይ ሆነ። ከዚያ ዞር ብለው አንዳርጌን ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ደብዳቤው ጠባዩ መልካም ነው ይላል። የሚሄደው በኔ ስም ነው። ነው ወይ?»

አንዳርጌ በያጅ ነህ ወይ ቢሉት አዎ ይላል። ይህንን ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። የተነከሰ እጁን ከጀርባው ደበቀ።

«እኔን አይጠይቁኝ» አሉ ጋሼ ደግፌ ከኋላቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ገብስማዋን ይጠይቋት። ከሦስተኛው በኋላ አልነከሰችውም።»

ከሁለተኛው በኋላ ነው ብሎ አንዳርጌ በቀስታ አረማቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ሳጥኑ ፈቃዱ ለስንት ደቂቃ እንዲሆን ይጠይቃል፤ አንድ፣ አምስት፣ ዐሥር። ሙሉቀን ዐሥር ያድርጉት አላቸው።

«እውነት ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃል» አሉና አንድን መረጡ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጫኑ፣ ሳጥኑ አሳለፈ፣ ደብዳቤው ሄደ። ለዐሥር ሁለት ጉዳይ ላይ መልስ መጣ፦ «ደርሶናል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይገኝ።»

ገብስማዋ ታቅፋ ቀረች፣ ጋሼ ደግፌ በራቸው ላይ ቀሩ፣ አቶ ፈለቀ ሰነዳቸው ላይ ቀሩ፣ ሙሉቀን ፎቁ ላይ ቀረ፣ አንቲቫይረሱ ዘብ ላይ ቀረ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስማቸውን ይዘው ቀሩ፣ አንዳርጌም ሄደ።

እኔ ቋጠርኩ፣ እኔው ፈታሁ። እናንተም የተቋጠረባችሁ ይፈታላችሁ።