ሚዳቋ በሰው ሜዳ

ተረት ደጅ ላይ ቆሟል፤ «ይግባ» በሉኝ።

ገባ።

ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ፣ ኳስም አፍ አውጥታ ስታወራ፣ በየአራት ክረምቱ አንድ ትልቅ ዋንጫ ነበር። ዋንጫው የሚካሄደው ከባሕር ማዶ ነው። ከባሕሩ ወዲህ ካለው ምድር የሚሻገረው ግን አንድ ቡድን ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ ማጣሪያ ይደረጋል። የተራራው እንስሳት አሉ፤ የበረሃው አሉ፤ የሐይቁ አሉ። የእሾህ ሸለቆ እንስሳትም አሉ፤ አሉ ከተባለ።

የእሾህ ሸለቆ ሰዎች (ሰዎች ልበላቸው፣ ምን ቸገረኝ) ዋንጫውን አንድም ቀን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። አሰልጣኛቸው አባ ኤሊ ነበሩ። አባ ኤሊ በዘጠኝ ማጣሪያ ቡድኑን መርተው ዘጠኙንም ጊዜ ወድቀዋል። ሌላ እንስሳ ቢሆን ገና በሦስተኛው ይሞት ነበር፤ ኤሊ ግን ዕድሜ አይቸግረው። ቢሆንም ዓይናቸው ደክሟል። «ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ባየው» ይሉ ነበር ጠዋት ማታ።

ይህን ሲሉ ከሁሉ አብልጦ አንጀቷን የሚበላት ሚዳቋን ነበር። የቡድኑ አጥቂ እሷ ናት። እናቷን ገና በግልገልነቷ ስላጣች ኳስ መምታትንም መሮጥንም ያስተማሯት አባ ኤሊ ናቸው። ኤሊ ሩጫ ሲያስተምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም፤ ግን አስተምረዋታል።

የዚያን ዓመት ማጣሪያ ሊጀመር ሲል የሜዳ መርማሪው ሽመላ ወደ ሸለቆው መጣ። በረጃጅም እግሮቹ ሜዳውን እየለካ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሲቆጥር፣ በአራተኛው እርምጃ እግሩ ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። ጎትተው አወጡት። ላባውን አራገፈና «ይህ ሜዳ አይደለም፣ ወንፊት ነው» አለ። የሸለቆ ልጆች በአገራቸው ሊያደርጉት የሚገባውን ጨዋታ ሁሉ በሰው ሜዳ ሄደው እንዲጫወቱ ፈረደባቸው። ፍልፈል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእፍረቱ የተነሳ ከመሬት በላይ አልታየም ይባላል።

ሜዳ ፍለጋ ወጡ። ተራራዎቹ ሣራችን ይረገጣል አሉ። በረሃዎቹ ውሃችሁን ተሸክማችሁ ኑ አሉ። የሐይቁ እንስሳት ግን «ኑ» ብቻ አሉ።

የሐይቁ ቡድን በረኛ እመት ጉማሬ ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ የግቡ ግማሽ ይዘጋል። ሚዳቋ ያረፈችው እሳቸው ዘንድ ነው። እመት ጉማሬ ከውሃው ዳር ለምለም ቄጠማ በገዛ አፋቸው አጭደው ጎዘጎዙላት፤ ለሚዳቋ ምንጣፉም ያው፣ ምግቡም ያው ነው። እሷ ይሉኝታ ይዟት ዳር ዳሩን ስትቀነጥብ «በሞቴ» እያሉ አጎረሷት።

በመጀመሪያው ዙር ከተራራው ጭላዳዎች ጋር ተጫወቱ። አገራቸው ሩቅ ነውና ከሸለቆ አንድ ደጋፊ አልመጣም። የሐይቁ እንስሳት ግን ሜዳውን ዙሪያውን ሞልተው፣ ዳክዬው፣ እንቁራሪቱ፣ አሣው ሳይቀር አንገቱን ከውሃ አውጥቶ፣ የገዛ ቡድናቸው ይመስል ደገፏቸው። ሚዳቋ አገባች፤ አሸነፉ። በሁለተኛው ዙር ከበረሃዎቹ ጋር ተጫወቱ። ሰጎን ረግጣት የሚዳቋ ሰኮና ተሰነጠቀ። እመት ጉማሬ የሐይቅ ጭቃ እየለጠፉ፣ አይዞሽ እያሉ ሰባት ቀን አስታመሟት። ሰኮናዋ ዳነ፤ በመልሱ ጨዋታ አገባች፤ አሸነፉ።

ሦስተኛው ዙር የመጨረሻው ነው። ያሸነፈ ባሕር ይሻገራል፤ የተሸነፈ አራት ክረምት ይጠብቃል። እጣ ወጣ። ለእሾህ ሸለቆ ማን ደረሰው? ሐይቁ።

ጨዋታው ደርሶ መልስ ነው ተባለ። መድረስም የለ፣ መመለስም የለ፤ ሁለቱም እዚያው ሐይቅ ዳር። ዛሬ ሜዳው የሐይቁ ይባላል፤ በማግስቱ ያው ሜዳ የሸለቆ ይባላል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቄጠማው ሲቀርብላት ለሚዳቋ አልዋጥ አላት። ባታገባ አባ ኤሊ ዋንጫውን ሳያዩ ዓይናቸው ይጠፋል፤ ብታገባ የበላችበትን ወጪት ሰባሪ ልትባል ነው። ሁለቱንም በሆዷ ይዛ ሜዳ ገባች።

ዳኛው ጉጉት ነበር። በቀን የማያይ ዳኛ ማን እንደመረጠ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ሚዳቋ የመጀመሪያዋን ኳስ አገኘች፤ ሁሉንም አለፈች፤ እመት ጉማሬ ፊት ደረሰች። ጭቃ ሲለጥፉላት ትዝ አላትና ኳሷን በቀስታ ሆዳቸው ላይ አስተኛችላቸው። ሁለተኛዋንም አገኘች፤ አለፈች፤ ደረሰች፤ አስተኛች። ሦስተኛዋንም አገኘች፤ አለፈች፤ ደረሰች፤ አስተኛች። ኳሷ አላስቻላትም።

«አንቺ ሚዳቋ» አለች፤ «እኔ እግር ያዘዘኝ ቦታ ነው የምሄደው። ያንቺ እግር ዛሬ ምን እንደሚያዘኝ ጨርሶ አልገባኝም። ወይ ምቺኝ ወይ ተዪኝ።»

ሚዳቋ ተወቻት። ባዶ ለባዶ ወጡ።

አባ ኤሊ አልተቆጡም። ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል፣ ኳሶቹ እንዴት እንደተሳቱ በደንብ እንዳላዩ ነገሯት። ይህ ከስድብ ሁሉ ባሰባት።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ልትቀምስ ብትወጣ ቄጠማ የለም። እመት ጉማሬ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል። እንደምን አደሩ አለቻቸው፤ ዝም። ደገመች፤ ዝም። በሦስተኛው ዞሩ።

«ምን በደልኩሽ?» አሉ።

«እርስዎማ ምን በደሉኝ፤ ያላደረጉልኝ የለም እንጂ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አዋረድሽኝ? ሦስት ጊዜ መጣሽ፣ ሦስት ጊዜ ኳሷን ሆዴ ላይ አስተኛሽ። ዳክዬ ሳይቀር አይቷል። አገር ምን ይለኛል? ጉማሬ እንግዳዋን አስርባ አጫወተች፣ ያቀረበችው ቄጠማ ጉልበት አልሆነም አይለኝም?»

ሚዳቋ አንገቷን ደፋች። ወጪት ሰባሪ እንዳትባል ፈርታ ያደረገችው መሆኑን እየተንተባተበች ነገረቻቸው። እመት ጉማሬ ከውሃው ወጡ፤ ዳርቻው ተንቀጠቀጠ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ፤ «ወጪት የሚሰበረው እንግዳ በልቶ ሲበረታ አይደለም፤ በልቶ እንዳልበላ ሲሆን ነው። ያበላሁሽ እንድትሮጪ ነው፤ ያስታመምኩሽ እንድትመቺ ነው። ዋንጫውን እኔም እፈልገዋለሁ፤ ዛሬ አንዲት ኳስ አላሳልፍልሽም። ልታመሰግኚኝ ከፈለግሽ ባለሽ ጉልበት ሁሉ ነይብኝ።»

ይህን ብለው ከደንገሉ ኋላ ደብቀውት የነበረውን ቄጠማ አቀረቡላት። ሚዳቋ እንደዚያን ቀን በልታ አታውቅም።

ከሰዓት ጨዋታው ተጀመረ። እመት ጉማሬ እንዳሉት አደረጉ። ሚዳቋ የመጀመሪያዋን ኳስ ስትመታ በግንባራቸው መለሷት። ሁለተኛዋን ስትመታ አፋቸውን ከፍተው ዋጧት፤ ኳሷ ስትወጣ «መሽቶ ነው የመሰለኝ» አለች። የሐይቁ አጥቂ አዞም በበኩሉ ወደ ሸለቆ ግብ ሁለት ጊዜ መትቶ ሁለቱም ጊዜ ቋሚውን አገኘው። አዞ ቋሚውን ቢቆጣው፣ ቋሚው «እኔ እዚህ ቆሜ ነው የመጣህብኝ» አለው።

ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ሚዳቋ ሦስተኛዋን ኳስ አገኘች። አለፈች፤ ደረሰች። ኳሷ ከሥሯ «ዛሬስ ገባኝ» አለች። ሚዳቋ ባላት ጉልበት ሁሉ መታች። እመት ጉማሬ በሙሉ አካላቸው ተወረወሩ፤ ኳሷ በጆሯቸውና በቋሚው መሐል አልፋ ገባች። ጉጉትም የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ።

ሚዳቋ አልዘለለችም። ሄዳ ተደፍታ የእመት ጉማሬን ጉልበት ሳመች። እመት ጉማሬ ከፋቸው፤ አልዋሻችሁም። ዋንጫውን ከልባቸው ፈልገውት ነበር፤ ዓይናቸውም እርጥብ ነበር። ቢሆንም ቀና አደረጓት።

«ተባረኪ» አሏት። «ያጎረስኩሽ የት እንደገባ አሁን አየሁት።»

ከዚያ በኋላ ዳክዬው ጀመረው፣ እንቁራሪቱ ተቀበለው፣ ሐይቁ ዳር ከዳር እልል አለ። የሸለቆ ልጆች ባሕሩ ዳር ድረስ የሄዱት በሐይቁ እንስሳት ታጅበው ነው። አባ ኤሊን የተሸከሟቸው እመት ጉማሬ ራሳቸው ናቸው። ሚዳቋ ከጎናቸው እየሄደች ምስጋናዋን መጨረስ አቅቷት እስከ ባሕሩ ተናገረች፤ እሳቸውም አላቋረጧትም።

ዋንጫውን በሉት ወይ ትሉኛላችሁ? የት ተገኝቶ። በመጀመሪያው ቀን አራት ለባዶ ተሸንፈው ተመለሱ። አባ ኤሊ ግን ዋንጫውን አፍንጫቸውን አስጠግተው አይተውታል፤ ሲመለሱም መንገዱን ሁሉ ያወሩት ስለ እሱ ነው።

ሚዳቋ እስከ ዛሬ ወደ ውሃ ስትወርድ ወዲያው አትጠጣም። ቆም ብላ፣ ቀና ብላ፣ ውሃውን ዙሪያውን ታያለች። አዳኝ ፈርታ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። እመት ጉማሬን እየፈለገች ነው፤ ሳታመሰግን መጠጣት አልሆነላትም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ውለታ ለዋለላችሁ ሰው ድካማችሁን ሳይሆን ብርታታችሁን አሳዩት። እኔ ተረቴን አድርሻለሁ፤ ዳቦው ቢቀር ምርቃታችሁ አይቅርብኝ።