የአቶ ላቀው ኮት

ሰው ድሮ የራሱ የነበረውን ነገር በሌላ ሰው ላይ አይቶ ሆድ ሲብሰው፣ በእኛ ሰፈር የምንላት አንዲት አባባል አለች። ዛሬ የሰፈራችን የከዚራ ልጆችም ይሏታል። ከየት እንደመጣች ስትጠይቋቸው ግን የሚያውቅ የለም። እኔ አውቃለሁ። መጀመሪያ የተባለች ዕለት በጓደኛዬ በስንዱ ቤት፣ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነበር።

ያኔ ድሬዳዋ ባቡሩ በደህና ጊዜው ላይ ነበርና የመጪና የሂያጅ ከተማ ነበረች። የሚሄድ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጥሎ ይሄዳል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ደግሞ የእናቶች ማኅበር አንድ ሰፊ ክፍል ነበረው። ማኅበርተኞቹ በየቤቱ እየዞሩ ሰው የተወውን ልብስና ዕቃ ይለምናሉ፤ አጥበውና ተኩሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ይሸጡታል፤ የሚገኘውም ለታመመና ጧሪ ላጣ ይሆናል። ሰዉ "የእናቶች ቤት" ነበር የሚለው።

ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ የናፍታሌኑና የሳሙናው ሽታ አሁንም የሚመጣብኝ ይመስለኛል። ውስጡ ምን የሌለ ነገር ነበር! ላባ የተሰካበት የሴት ባርኔጣ፣ መርፌው የጠፋ የሸክላ ማጫወቻ፣ ጓደኛው የት እንደቀረ የማይታወቅ ነጠላ የጆሮ ጌጥ፣ ዝናብ ከስንት አንዴ በሚጥልባት ከተማ ደግሞ የዣንጥላ ክምር። ክፍሉን የሚጠብቁት እትዬ ዘርፌ "ወይ ውሰዱ ወይ ተዉት፣ አትነካኩብኝ" ይላሉ፤ መልሰው ደግሞ ራሳቸው ከሥር አንድ ነገር መዘው "እስቲ ይቺን እዪያት" ይላሉ። ምንም አልገዛም ብሎ ገብቶ ባዶ እጁን የወጣ ሰው አላየሁም። እኔ ራሴ አንድ ቀን ለቀሚሴ ቁልፍ ፍለጋ ገብቼ፣ ክዳን የሌለው የሻይ ማንቆርቆሪያ አቅፌ ወጥቻለሁ። እናቴም አልተቆጣችኝም፤ እሷም እንደዚያው ያመጣችው ዕቃ ቤቱን ሞልቶት ነበርና።

ከሁሉ የባሰበት ግን ይርዳው ነበር። ይርዳው የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ከጨርጨር ብቻውን መጥቶ ተከራይቶ የሚኖር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ። ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ እጁን በአሸዋ ፈትጎ ይታጠብና ቀጥ ብሎ ወደ እናቶች ቤት ነው። አንድ ቆጣሪ ብቻ የቀረው ሰዓት፣ ጥጉ የተሰበረ የፀጉር አስተካካይ መስታወት፣ እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር፣ ሁሉም እሱ ቤት ገብቶ ይጠገናል። ስንዱንም ያገኛት እዚያው ነው። አንድ የጠረጴዛ መብራት ላይ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ጣሉ። እሱ ለቀቀላት፤ መብራቱ እንደማይበራ ሲያይ ግን ጠግኜ ላምጣልሽ አላት። መብራቱን ጠግኖ ካመጣ በኋላ እሷም ቅዳሜ መቅረት አቆመች።

የስንዱ አባት አቶ ላቀው ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም ናቸው። ቁጡ አይደሉም፣ ግን ኩሩ ናቸው። ለልጃቸው ያሰቡት አዲስ አበባ ያለ የነጋዴ ልጅ ነበር፤ የነጋዴው ሽማግሌዎችም ሊመጡ መንገድ ላይ ናቸው ይባላል። በዚህ መሃል ይርዳው የቀድሞውን የባቡር ነጂ አባባ ተድላን ለምኖ ሽማግሌ ላከ። አቶ ላቀው እሺም እምቢም ሳይሉ፣ ልጁን በዓይናቸው ሳያዩ መልስ እንደማይሰጡ፣ እሑድ ይዘውት እንዲመጡ ነገሯቸው። ይህን የነገረችኝ ስንዱ ናት። አባቷ ሰውን ባዩት ጊዜ ነው የሚወስኑት። ካልወደዱት ሁለተኛ ሽማግሌ ቢላክም በሩን አይከፍቱለትም።

ይርዳው ከዘይት ልብሱ በቀር የረባ ልብስ አልነበረውም። ቅዳሜ ጫማ ልግዛ ብሎ እናቶች ቤት ገባ። የሆነውን እትዬ ዘርፌ ናቸው ኋላ የነገሩን። ጫማዎቹን ሊያይ ጎንበስ ሲል ከበላዩ የተሰቀለ አንድ ኮት አየ። ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ ግራጫ የሱፍ ኮት ነው፤ ገበሩ እንደ ሮማን ፍሬ የቀላ። ክረምት በማያውቅ አገር ወፍራም የሱፍ ኮት ምን ይሠራል? እሱም ይህን ሳያስብ አልቀረም፤ ሁለት ጊዜ ትቶት ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በመጨረሻ አወረደና ለበሰው። ትከሻው ላይ ቁጭ አለለት። እትዬ ዘርፌ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆይተው፣ "ልጄ፣ ይሄማ ለአንተ ነው የተሰፋው" አሉት። ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ ጫማውን ረስቶት።

እሑድ ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ይርዳው ከአባባ ተድላ አጠገብ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ ኮቱን ግን አያወልቅም። እኔና ስንዱ በመጋረጃው ቀዳዳ እናያለን። አቶ ላቀው ስለ ሥራው፣ ስለ ወላጆቹ ይጠይቁታል፤ እሱም በለሆሳስ ይመልሳል። ነገሩ ወደ ደህና የሚሄድ ይመስል ነበር። የስንዱ እናት ወይዘሮ የሺመቤት የሎሚ ጭማቂ በትሪ ይዘው ገቡ። ኮቱን አዩት። ትሪውን እንዳለ አስቀምጠው ወደ እኛ ተመለሱና የእህል ጆንያው ላይ ዘፍ አሉ።

"አለቀልኝ፤ የአባትሽ የሠርግ ኮት ነው" አሏት ስንዱን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮቱን አንድ አርመን ልብስ ሰፊ ነበር የሰፋላቸው። አቶ ላቀው ከወፈሩ ጀምሮ ለብሰውት አያውቁም፤ ለሰው መስጠትም አይሆንላቸውም። በዓመት አንዴ ከቁም ሣጥን ያወጡታል፣ ያዩታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። ማኅበርተኞቹ ልብስ ሊለምኑ ሲመጡ ወይዘሮ የሺመቤት አንስተው ሰጧቸውና ለባላቸው ብል በላው አሏቸው። አቶ ላቀው ለዚያ ኮት ሳምንት ሙሉ እንደ ሐዘንተኛ ነበሩ።

ይህን ሰምተን በቀዳዳው መልሰን አየን። አቶ ላቀው ንግግራቸውን መሃል ላይ አቋርጠው የኮቱን ቁልፎች ያያሉ። ሦስተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ይለያል፤ ከባቡር ደንብ ልብስ የተነቀለ የነሐስ ቁልፍ ነው።

"ይህን ኮት ከየት አመጣኸው?" አሉት።

ይርዳው አሰፋሁት ሊል ይችል ነበር፤ የአባቴ ነው ሊልም ይችል ነበር። እኔ በሱ ቦታ ብሆን አንዱን እል ነበር።

"ትናንት ከእናቶች ቤት ነው የገዛሁት፤ የእኔ የምለው ኮት ኖሮኝ አያውቅም" አለ።

የስንዱ አጎት ከወዲያ ጥግ፣ በሰው ሰልባጅ ነው እንዴ የሰው ልጅ የሚጠየቀው ብለው አጉረመረሙ። አቶ ላቀው አልሰሟቸውም። ኮታቸው ብል በልቶት መጣሉን፣ ይህ ኮት ግን ያው የሳቸው መሆኑን፣ እንዴት እንደሆነ እንዳልገባቸው ቀስ ብለው ተናገሩ። ልጁን የሚጠረጥሩት መሰለን። ስንዱ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ያን ጊዜ ወይዘሮ የሺመቤት ተነስተው መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

"ብል አልበላውም። እኔ ነኝ የሰጠሁት። አትለብሰው፣ ለሰው አትሰጠው፤ በዓመት አንዴ አውጥተህ ታየውና ስትተክዝ ትውላለህ። ስትተክዝ ማየት ሰለቸኝ" አሉ።

ይርዳው ብድግ አለና ቁልፎቹን ፈትቶ ኮቱን አወለቀ። ላቡን ችሎ ያላወለቀበት ምክንያት ያኔ ታየ። ከሥር የለበሰው ያው የሥራ ሸሚዙ ነው፤ ኮሌታው የተላጠ፣ ጀርባው የተጣፈ። ስንዱ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ኮቱን አጥፎ በሁለት እጁ አቀረበላቸውና፣ ሳያውቅ እንደለበሰው፣ የሳቸው ከሆነ እንዲወስዱት ነገራቸው።

አቶ ላቀው ተቀብለው ቆሙ። አንዱን እጅጌ አጠለቁ። ሁለተኛው ክርናቸው ጋ ሲደርስ አልሄድ አለ። ቢገፉት አይገባም፣ ቢጎትቱት አይወጣም፤ እጃቸው ወደኋላ እንደታሰረ ሰው ሳሎኑ መሃል ቀሩ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ዞር አሉ። አለቀልን ስል ጎንበስ ብለው ቦርጫቸውን አዩና ራሳቸው ይስቁ ጀመር። እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ ሳቁ ቆሞም እንባው አልቆመም።

"እዚህ ኮት ውስጥ የነበረው ቀጭን ልጅ የት ሄደ፣ የሺ?" አሉ።

ወይዘሮ የሺመቤት ቀረብ ብለው እጃቸውን ቀስ አድርገው ከእጅጌው አወጡላቸው።

አቶ ላቀው ኮቱን ለይርዳው መልሰው አለበሱት። እንደ ትንሽ ልጅ አቁመው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ራሳቸው ቆለፉለት። የነሐሷ ቁልፍ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። "ይቺን የተከልኳት ስንዱ በተወለደች ቀን ነው። ተወለደች ሲሉኝ ከጣቢያው ስሮጥ የበፊቷ ተበጥሳ ጠፋችብኝ" አሉት። ከዚያ ወደ አባባ ተድላ ዞረው ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ።

ስንዱ ከጓዳ ስትወጣ እኔ መጋረጃው ውስጥ ተጠቅልዬ እያለቀስኩ ነበር። የዛሬን አያድርገውና ሁላችንም በዚያ ቤት ነበርን። አቶ ላቀው፣ ወይዘሮ የሺመቤት፣ እትዬ ዘርፌ፣ አንዳቸውም ዛሬ የሉም። የዚያች እሑድ ሙቀት ግን ከሎሚው ሽታ ጋር እስካሁን አለብኝ።

ያን ዕለት አጎትየው ግን ነገሩ አልዋጥላቸው ብሎ፣ ሰው የገዛ ኮቱን በባዕድ ትከሻ ላይ እያየ እንዴት ያስችለዋል ሲሉ፣ እስከዚያ ድረስ ከሰላምታ በቀር ብዙም ያልተናገሩት አባባ ተድላ ቀና ብለው፣ "ተወው ወንድሜ፤ ልብስ ልኩን እንጂ ጌታውን አያውቅም" አሏቸው።