ባዶ የቀረው መስመር

ስልካችሁን ዝጉ ብያችሁ ነበር፤ ዘጋችሁ? ጎሽ። እንግዲህ ስሙኝ።

አንድ አባት ነበሩ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ መሬት በሚንቀጠቀጥባት አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመጋዘን ሥራ ነው። የመጋዘን ሰው ታውቁ የለ? አንዲት ምስማር ከቦታዋ ብትጠፋ እንቅልፍ አይወስደውም።

መስከረም ላይ መሬቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ዘርፌ የምትባል የቀበሌ ሠራተኛ በየቤቱ እየዞረች ወረቀት አደለች። የአደጋ ጊዜ ቦርሳ አዘጋጁ፣ በር አጠገብ አስቀምጡ ይላል፤ ምን ምን እንደሚያዝም ተዘርዝሯል። ጎረቤታቸው ወረቀቱን ስኳር ቋጠረበት። እኚህ አባት ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን» ብለው የዚያኑ ዕለት ጀመሩ።

ውሃ በጀሪካን። በሶ፣ ያውም በየወሩ አሮጌውን በልተው በአዲስ የሚተኩት። ባትሪ ከነድንጋዩ። ፍርስራሽ ሥር ቢቀሩ የሚነፉት ፊሽካ። የደም ግፊት ኪኒን፣ የቤት ካርታ፣ ብርድ ልብስ። ስልካቸውንም ቻርጅ አደረጉና፣ እንዳያልቅ አጥፍተው፣ በሦስት ፌስታል ጠቅልለው ከሁሉም ሥር ከተቱት። በሳምንት አንዴ ያወጡታል፣ ቻርጅ ያደርጉታል፣ መልሰው ያጠፉታል።

የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ግን ባዶ ቀረ። «ሌላ ከተማ የሚኖር የቅርብ ዘመድ ስልክ ቁጥር» ይላል።

ዘርፌ ልታይ መጣች። «አባባ፣ እንዲህ ያዘጋጀ ሰው አላየሁም! ይቺን ብቻ ረሷት» አለቻቸው።

«አልረሳሁም። ሰው የለኝም» አሏት።

እውነት ሰው አልነበራቸውም? ነበራቸው እንጂ! ፀዳለ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። «ዘሩን አላውቅም» ብለው ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ ሳይሉ ከደጅ መለሱ። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ! ፀዳለ ደሴ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ተዳረች። በኋላ አንዲት ዘመድ የልጃቸውን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ብታመጣላቸው፣ እዚያው ፊቷ ቀደው ጣሉት።

ከዚያ ወዲህ ናፈቀቻቸው፣ ወገኖቼ። በጣም ናፈቀቻቸው። ምሳ ሲበሉ ትናፍቃቸዋለች፤ የሰው ሴት ልጅ በመንገድ ስታልፍ ዞር ብለው ያያሉ። ያንን የቀበሌ ወረቀት ያወጣሉ፣ እርሳሱን ያነሳሉ፣ መልሰው ያስቀምጡታል። «እሷ ትደውል፤ እኔ አባት ነኝ» ይላሉ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያ የተፈራው መጣ። ግድግዳቸው ወደቀ። ማንም አልሞተም፣ ተመስገን። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ኳስ ሜዳው ላይ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ስኳር የቋጠረበት ጎረቤትም መጥቶ በሶአቸውን በላ!

ሜዳው ሙሉ ሰው ስልክ ይዟል። «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ኧረ ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ።» እሳቸው ብርድ ልብሳቸው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሁሉ ነገር አላቸው፤ ደህና ነኝ የሚሉት ሰው ግን የላቸውም።

ዘርፌ ስም እየመዘገበች ደረሰች። «አባባ፣ ለማን እንንገርልዎ?»

አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሳይሉ ቁጥር ይጠሩ ጀመር። ዜሮ፣ ዘጠኝ... አንድም ሳይስቱ እስከ መጨረሻው። ያንን ብጣሽ ከመቅደዳቸው በፊት አንድ ጊዜ አንብበውት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። ይህን ሁሉ ዓመት በቃላቸው ይዘውት ኖሩ።

ዘርፌ በራሷ ስልክ ደወለች። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ። «ስለ አባቴ ነው? ንገሩኝ! አለ?»

ስልኩን ሰጠቻቸው። «ፀዱ» አሉ።

«አባዬ! ደህና ነህ? ስልክህ ዝግ ነው ይለኛል እኮ! ዛሬ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ተንቀጠቀጠ ሲባል ከሰማሁ ጀምሮ እደውላለሁ። ለገና ደወልኩ፣ ለፋሲካ ደወልኩ። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ አያቴ ለምን አያነሳም ትለኛለች።»

ቦርሳው ሥር፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሙሉ ቻርጅ ይዞ! ለማን ነበር የቆጠቡት? ለእሷ ጥሪ አልነበረም እንዴ? አባትየው ሜዳው መሃል እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ ቦርሳ አታዘጋጁ አላልኩም። አዘጋጁ! በሶውም፣ ባትሪውም ይያዝ። ግን የመጨረሻውን መስመራችሁን እዩት። ማን ነው እዚያ የጎደለው? ወንድምህ ነው? ያሳደገችሽ እንጀራ እናትሽ ናት? «እሱ ይጀምር» ስትሉ ስንት በዓል አለፈ? እግዚአብሔርስ ስንት ጊዜ ጠርቷችሁ ዝግ ሆናችሁበት? መሬት እስኪናወጥ ነው የምንጠብቀው?

ቁጥሩን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አትዋሹኝ፣ እኔም የማውቀው አንድ አለኝ።

ስብከቱ አላለቀም፤ ግን ይቆይ። ስልካችሁን ዝጉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አሁን ክፈቱት። ደጅ ወጥታችሁ ደውሉ። እኔም ልወጣ ነው።