ፍሬ የሚያዳምጠው ምትኩ

ድሮ ድሮ፣ ይህ መንገድ የበሬ ዱካ ብቻ ሳለ፣ ያ ዋርካም ገና በሰው ቁመት ልክ ሳለ፣ በዚህችው በቀጭን ውኃ መንደር ምትኩ የሚባል ሰው ነበር። ባለጸጋ አልነበረም። ጦረኛም አልነበረም። ፈንጣጣ በሕፃንነቱ ዓይኖቹን የወሰደበት፣ ገመድ እየገመደ የሚኖር ሰው ነበር። እኛ ግን ዛሬም ስሙን እንጠራለን። ለምን እንደምንጠራው ስሙኝ።

ምትኩ ጥሩወርቅ የምትባል ሚስት ነበረችው። ስታገባው ከእናቷ ጓሮ የአበባ ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ከደጃቸው ዘራችው፤ በቀለ። መስከረም በጠባ ቁጥር አበባው ይፈካል፤ እሷም በየማለዳው የባሏን እጅ ይዛ ታወጣዋለች።

«ዛሬ ምን መሰለ?» ይላታል።

«ቀይ ነዋ!»

«ቀይ ምን ዓይነት ነው?»

«እሳት ዳር ስትቀመጥ ፊትህን ሞቅ ያደርግህ የለ? እሱ ነው ቀይ።»

ልጅ አልነበራቸውም። ይህች ጨዋታ ግን ነበረቻቸው።

አንድ ዓመት፣ አበባው በፈካበት ሰሞን፣ ጥሩወርቅ ታመመች። ፍሬው ሳይደርስ ሞተች።

ለቀስተኛው ሲበተን ምትኩ ወደ ደጁ ወጥቶ አበባውን በጣቱ ዳሰሰ። ዘር መሰብሰብ የእሷ ሥራ ነበር፤ እሱ መቼ እንደሚለቀም አያውቅም። «ይህ ከጠፋብኝ ሁለተኛ ሞተችብኝ ማለት ነው» አለ። ፈራ። ፈርቶም ቸኮለ። አበባው ረግፎ የቀሩትን ክብ ክብ ፍሬዎች በእርጥባቸው ለቅሞ ቅል ውስጥ ከተተ፤ ከደናቸው። ሰነባብቶ ቢከፍተው ሻጋታ ሸተተው።

ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። ነፋስ መጣ። ከጆሮው አጠገብ አንድ ነገር ሽክ ሽክ አለ። እጁን ሰደደ፤ እሾህ ወጋው፤ እንደገና ሰደደ። በአጥሩ መሃል የተረሳች አንዲት ፍሬ ነበረች። ደርቃለች፤ ዘሯ በሆዷ ውስጥ ይንሿሿል። ነቀነቃት፤ አዳመጠ።

«ለካ ስትደርሺ ትናገሪያለሽ!» አላት።

በዚያች በአንዲቷ ፍሬ ደጁ እንደገና ለማ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ይነቀንቃል፤ ያዳምጣል። ዝም ያለችውን ይተዋታል፤ የተናገረችውን ይለቅማታል። ግን ሰሰተ። ለማንም አይሰጥም። ወድቃ የምትቀር እንዳትኖር መሬቱን ሳይቀር በመዳፉ ይዳብስ ነበር።

ታናሽ ወንድሙ እምሩ ይህ ነገር አልዋጥ አለው። «አንተ የማታየው፣ እኔ የማልበላው ነገር ምን ይሠራልናል? ደጁ የአባታችን ነው። አበባው ያልበቀለ ዕለት በርበሬ እተክልበታለሁ።»

«ካልበቀለ ትከልበት» አለው ምትኩ።

በዚያው ሰሞን የጎረቤቱ የዘነቡ ልጅ ጥርስ እያወጣ መንደሩን በለቅሶ አስቸገረ። ዘነቡም መጣች።

«አያ ምትኩ፣ ከዚያች ከምትንሿሿው አንዲት ይስጡኝ። ለልጄ መጫወቻ።»

«የለኝም።»

«ቅሉ ሙሉ ነው ይላሉ።»

«ሰው ምን የማይለው አለ!»

ሄደች። ልጁ አለቀሰ። ምትኩ በጋቢው ተከናነበ፤ ለቅሶው ጋቢውን አልፎ መጣ። «ዓይንስ ይጨፈናል፤ ጆሮ ግን ክዳን የለው!» ብሎ ተነሣ። ቅሉን ከፈተ። ነቀነቀ፤ አዳመጠ። አጥርታ የተናገረችውን መርጦ ይዞ ሄደ።

«እንካ፣ አንተ ጩኸታም!»

ልጁ ነቀነቃት። ዝም አለ። ሳቀ።

በጋው ገፋ። አንድ ቀን የምትኩ ጎጆ ተቃጠለ። ሰው ተሯሩጦ እሱን አወጣው፤ ቅሉ ግን ከምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠለ ነደደ። መንደሩ በደቦ ጎጆውን መልሶ ሠራለት። ዘሩን ግን ማን ይሥራለት?

ዝናቡ ሲያጉረመርም እምሩ የበርበሬ ችግኝ ይዞ መጣ። «ወንድሜ፣ ቃልህ ቃል ነው?»

«ቃሌ ቃል ነው» አለ ምትኩ። ድምፁ ግን ሰለለ።

እምሩ ደጁን መቆፈር ጀመረ። ምትኩ ቁፋሮውን ላለመስማት በትሩን ይዞ ወጣ። ዘነቡ ቤት አጠገብ ሲደርስ ግን እግሩ ተገታ። ሽክ ሽክ። ሽክ ሽክ።

«አያ ምትኩ፣ ምነው ቆሙ?»

«ምንም። እያዳመጥኩ ነው።»

ዘነቡ ገባት። «ይውሰዷት እንጂ! የእርስዎው ናት!»

«የሰጠሁትን ከሕፃን እጅ ልቀማ? ጥሩወርቅ ብትሰማ ታፍርብኛለች። አላደርገውም።»

ዘነቡ ልጁን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። ልጁ ፍሬዋን ነቀነቃት፤ ምትኩን አየው፤ ወረወራት። የምትኩን ግንባር መታችና እግሩ ሥር ወደቀች። ሰጥቶት ነው ወይስ ተቆጥቶ? በዚህ ነገር ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ምትኩ ዳብሶ አነሣትና ወደ ደጁ ተመለሰ። እምሩ ፍሬዋን ሲያይ ዶማውን ጣለ። በርበሬውን ከአጥር ውጭ ተከለ። በቆፈረው ላይ ምትኩ ዘራ።

መስከረም ጠባ። ልጁ አሁን ይሄዳል፤ የምትኩን ጣት ይዞ ደጅ ቆመ።

«ዛሬ ምን መሰለ?» አለ ምትኩ።

«ቀዪ!» አለ ልጁ።

ምትኩ እሳት ዳር እንደተቀመጠ ሰው ፊቱን ወደ አበባው አዞረ።

ከዚያ ወዲያ አልሰሰተም። ስለዚህ በቀጭን ውኃ ልጅ ሲወለድ ጎረቤት የደረቀች ፍሬ ይዞ ይገባል። ዝናብ ሲቃረብ ፍሬዋ ትዘራለች፤ ግን ልጁ ራሱ እስኪሰጥ ወይም እስኪወረውር ይጠበቃል እንጂ ማንም ከእጁ አይነጥቅም። ስስታም ያየን እንደሆነም «የሸሸግኩት ነደደ፣ የሰጠሁት በቀለ፣ አለ ምትኩ» እንላለን።

ከአያቶቼ የሰማሁት ይህን ነው። እንኪ፣ አንቺ ልጅ፣ ይህችን ጆሮሽ ሥር አድርገሽ ነቅንቂያት። ተናገረች? እንግዲያው ደርሳለች።