ከሥራ የቀረው አውራ ጣት

በአንድ የእንጨት ፋብሪካ መጋዝ የአንዱን ሠራተኛ ቀኝ አውራ ጣት ቆረጠው። ቁስሉ ሲሽር ሥራው ላይ ተመለሰ። በሩ ላይ ያለው የሠራተኛ መመዝገቢያ ማሽን ግን እሱን የሚያውቀው በዚያ ጣት አሻራ ብቻ ስለነበር፣ አምስት ቀን ሳንቃ ሲሸከም የዋለውን ሰው "አልመጣም" ብሎ መዘገበው። በስድስተኛው ቀን ተባረረ።

ሠራተኛው ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም የጉዳት ካሳ እንዲከፈለው ወሰነለት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘውገ ግን ይግባኝ ብለው፣ ከረባታቸውን እያስተካከሉ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ቀረቡ።

"ክብርት ዳኛ፣ አንድ አውራ ጣት ምን ቁም ነገር ነው? ያለሱም ይሠራል፤ ካሳ አይገባውም። የተባረረውም ከሥራ ስለቀረ ነው። ማሽን ደግሞ አይዋሽም!"

ዳኛዋ ወደ ሠራተኛው ዞረው፣ "አንተስ ምን ትላለህ?" አሉት።

"እውነታቸውን ነው፣ ማሽኑ አልዋሸም" አለ፣ እጁን ከኪሱ እያወጣ። "እኔ አምስቱንም ቀን እዚያው ነበርኩ፤ የቀረው አውራ ጣቴ ነው። ግን ክብርት ዳኛ፣ ይጠይቁልኝ፦ ጣቱ ይህን ያህል የማይረባ ከሆነ፣ እሱ አምስት ቀን ቢቀር ሰውየውን በሙሉ ለምን አባረሩት?"