ከወንዝ ማዶ የመጣ «አቤት»

ድልድይ የሚባል ነገር ገና ሳይመጣ፣ ወንዝ ለሁለት የከፈላት አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ከወዲህ መስጊዱ፣ ገበያውና የቃዲው ችሎት ይገኛሉ። ከወዲያ ማዶ የግመል ነጋዴዎች መንደር አለ። በበጋ ሕፃናት እንኳ ጉልበታቸውን ሳያርሱ ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ራሱ ቃዲ ይሆናል፤ ያሻውን ያሳልፋል፣ ያሻውን ይመልሳል።

በዚያች ከተማ ሐጂ በሽር የሚባሉ ሰው የቃዲ ጀውሀር ረዳት ሆነው ጎልማሳነታቸውንም ሽምግልናቸውንም አሳለፉ። ሥራቸው ብዙ ነበር። ጠዋት ችሎቱን ይጠርጋሉ፣ ምንጣፉን ያነጥፋሉ፣ የቃዲውን ቀለምና ብርዕ ያሰናዳሉ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡበት ውዱእ ውሃ ይቀዳሉ፣ ባለጉዳዮችን በየተራቸው ዋርካው ሥር ያስቀምጣሉ። ተጣልተው የመጡትን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ነበር የሚያስቀምጧቸው። «ስትጣሉ ተጠጋግታችሁ አልነበር? አሁን ምን አራራቃችሁ?» ይሏቸዋል። ሰዎቹ ሳይወዱ ይስቃሉ። አንዳንዱም እዚያው አግዳሚው ላይ ታርቆ፣ ቃዲው ፊት ሳይቀርብ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በጥሪያቸው ነው። በዚያ ችሎት ደንብ ባለጉዳይ ሦስት ጊዜ ይጠራል። በሦስተኛው «አቤት» ያላለ ከሳሽ ክሱ ይዘጋል፤ እስከ መጪው ዓረፋም አይከፈትለትም። ሐጂ በሽር የመጀመሪያውን ከችሎቱ ደጃፍ፣ ሁለተኛውን ከግቢው በር ይጣራሉ። ባለጉዳዩ የወዲያ ማዶ ሰው ከሆነ ሦስተኛውን ወንዙ ዳር ወርደው ነው። ውሃ ሞልቶ ያገደው ሰው ከዚያ ማዶ «አቤት» ካለ እንደ ደረሰ ይቆጠርለታል፤ ቃዲውም ውሃው እስኪጎድል ይጠብቁታል። ደንቡን ያቆሙት የቀድሞ ቃዲዎች ናቸው። በዝናብና በጭቃ እየወረዱ የሚፈጽሙት ግን እሳቸው ነበሩ።

የከተማው ሰው «የሐጂ በሽር ጥሪ ከመቃብር ያስነሳል» እያለ ይቀልድ ነበር። ልጃቸው ነጂማ ከሞተች ወዲህ ግን ይህን ቀልድ ያነሳ ሰው የለም።

ነጂማ አንድ ልጃቸው ነበረች። ሴት ልጅ ወልዳ፣ አራስ ቤት ሳለች አረፈች። እናቷም ቀድማት ሄዳለች። ባሏ ጦይብ የግመል ነጋዴ ነው። ከቀብር መልስ ሕፃኗን በጋቢው ጠቅልሎ አማቱ እቅፍ ውስጥ አኖራት።

«ሐጂ፣ እኔ ያለሁት መንገድ ላይ ነው፤ ቤት የለኝም። ቤት ሠርቼ እስክወስዳት አማናዬ ናት፤ አደራ» አለ።

«አማናህን ተቀብያለሁ» አሉ ሐጂ በሽር።

ሕፃኗን ረምላ አሏት። ጎረቤት አጠባቻት፤ እሳቸው አሳደጓት። ማታ ከችሎት ሲመለሱ ከጎታው ኋላ ትደበቃለች። እሳቸውም እያወቁ እንዳላወቁ ሆነው ከደጃፍ «ረምላ!» ይላሉ፤ ዝም። ከጓዳው በር ይደግማሉ፤ ዝም። ሦስተኛውን ጎታውን ተደግፈው ሲጠሯት «አቤት!» ብላ ትወጣለች። ችሎቱ ቤታቸው ድረስ ይከተላቸዋል እያሉ ጎረቤቶች ይስቃሉ። ረምላ ግን ከዚያ ሌላ ጨዋታ አልነበራትም። እሳቸውም አልነበራቸውም።

ጦይብ በሩቅ አገር ሲነግድ ቆይቶ፣ ረምላ የቁርኣኑን ፋቲሓ ያለ ስህተት መቅራት ስትጀምር ተመለሰ። በወዲያ ማዶ ቤት ሠራ። መጥቶም ልጁን ጠየቀ። ሐጂ በሽር «ክረምቱ ይለፍ» አሉ። ክረምቱ አለፈ። «ረመዷን ይውጣ» አሉ። ረመዷን ወጣ። «እኔን ለምዳለች» አሉ።

ጦይብ ቁጣ አያውቅም። አንድ ቀን ግን ደጃፋቸው ላይ ቆሞ፣ «ሐጂ፣ እርስዎ ሰውን ሦስት ጊዜ ነው የሚጣሩት። እኔ ስንት ጊዜ ልጣራ?» አላቸው። ከዚያም ቃዲው ዘንድ ሄደ። ቀጠሮውም ዝናቡ በበረታበት ወር ላይ ዋለ።

በቀጠሮው ጠዋት ቃዲ ጀውሀር ረዳታቸውን ወደ ጎን ወሰድ አደረጓቸው። ሁለቱ ልጅ ሆነው አንድ ሼህ ፊት ቁርኣን የቀሩ ናቸው።

«ሐጂ፣ ዛሬ ተከሳሽ ነህ። ተከሳሽ ከሳሹን አይጠራም። የበር ጠባቂው ነስሩ ይጥራ፤ አንተ ተቀመጥ።»

ሐጂ በሽር ሰው ሲያስቀምጡበት በኖሩት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ያን ያህል ጠንካራ መሆኑን ያወቁት ያን ቀን ነው።

ነስሩ ጎልማሳ ነው፤ ሐጂ በሽርን እንደ አባቱ ይወዳቸዋል። ሊጣራ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፣ «አይጨነቁ ሐጂ፤ እኔ እንደሆንኩ ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል» አላቸው።

ጉንፋን እንዳልያዘው ያውቃሉ። ከአግዳሚው ግን አልተነሡም።

ነስሩ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንደሚያወጋ ሰው «ጦይብ ኑርዬ» አለ። ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት «ይሄ ልጅ ጥርሱን ታሞ ነው እንዴ?» አለች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። ነስሩ ሁለተኛውን ከግቢው በር፣ ፊቱን ወደ ገበያው ጫጫታ አዙሮ አሰማ። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ወንዙ ቁልቁለት ወረደ።

ሐጂ በሽር የወንዙን ድምፅ ያውቁታል። ሲሞላ በጉሮሮው ነው የሚናገረው። ያን ጠዋት በጉሮሮው ይናገር ነበር። ጦይብ ማዶ ቆሟል ማለት ነው። ነስሩ ደግሞ እስከ ታች እንደማይወርድ፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ካለው ሾላ ሥር ተጠልሎ ስሙን እንደሚያንሾካሹክ ያውቃሉ።

የሚጠበቅባቸው ዝም ማለት ብቻ ነበር። የጠራው ሌላ፣ የሚዘጋው ሌላ። እጃቸው ንጹሕ፣ አፋቸውም ንጹሕ። እስከ መጪው ዓረፋ ረምላ ከጎታው ኋላ «አቤት» ትላቸዋለች። በእሳቸው ዕድሜ አንድ ዓመት ቀላል የማይባል ሀብት ነው። ደግሞስ ደንቡ ምን ጎደለበት? ሦስት ጊዜ ተጠርቷል ይባላል።

በዚህ መሃል የራሳቸው ድምፅ ትዝ አላቸው። «አማናህን ተቀብያለሁ።» ያን ጊዜ በነስሩ አፍ አላሉም፤ በገዛ አፋቸው ነበር ያሉት።

ተነሡ። ችሎቱ ፊት ቆመው፣ «ቃዲ፣ ይፍቀዱልኝ። ሦስተኛው ጥሪ ገና አልተጠራም» አሉ።

«ተከሳሽ መሆንህን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። እንደ ዛሬም አስታውሼው አላውቅም።»

ቃዲው ብርዓቸውን አስቀመጡ። «ሂድ» አሉ።

ነስሩን ከሾላው ሥር አገኙት። ሲያያቸው ደነገጠ።

«ሐጂ፣ ምን ነካዎት? ልጅቷን በገዛ አፍዎ ሊሰጧት ነው?»

«ጫማዬን ያዝልኝ» አሉት።

በባዶ እግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ውሃው እስኪደርስባቸው ወረዱ። አዛን እንደሚል ሰው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ጦይብ የኑርዬ ልጅ! ሸሪዓ ይጠራሃል!»

ውሃው ጥሪውን ዋጠው። ለአንድ አፍታ መልስ እንዳይመጣ ተመኙ፤ ይህንንም አላህ ያውቅባቸዋል። ከዚያ ከዝናቡ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ። ጦይብ ከንጋት ጀምሮ የግመል ዱላውን ተደግፎ እዚያ ቆሞ ነበር።

ለዐስር ሶላት ሲቃረብ ውሃው ጎደለ። ጦይብ እስከ ወገቡ ርሶ ችሎቱ ገባ። ሐጂ በሽር ከአግዳሚው ጫፍ ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት።

ቃዲው ወደ ተከሳሹ ዞሩ። «ምን ትላለህ?»

«አማናው ነበረች። አቆይቼበታለሁ።»

ረምላ ለአባቷ እንድትሰጥ ተፈረደ። ጦይብ ጎንበስ ብሎ የአማቱን ጉልበት ሳመ። «ሐጂ፣ ባይጠሩኝ ኖሮ...»

«እሱን አትጨርሰው» አሉት።

ልጅቷ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ተሻገረች። መሃል ውሃ ላይ ዞር ብላ «አባባ፣ አትመጣም?» አለች። «ድምፄ ይመጣል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሐጂ በሽር ዐስር ከሰገዱ በኋላ ወንዙ ዳር መውረድ ልማዳቸው ሆነ። «ረምላ!» ይላሉ፤ ዝም። ይደግማሉ፤ ዝም። ሦስተኛውን ሲጣሩ ከማዶ፣ ከግመሎቹ መሃል፣ «አቤት!» ትላለች። በበጋ ደግሞ እየሮጠች ትሻገራለች። ጦይብ አንድም ቀን አልከለከላትም።

በአንዱ ምሽት ነስሩ ተከትሏቸው ወረደና የከረመበትን ጥያቄ ጠየቀ።

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነበር። ደንቡም አልተጣሰም። ለምን ተነሡ?»

ሐጂ በሽር ከማዶ ዓይናቸውን ሳያነሱ መለሱለት።

«የሰው ስም አማና ነው፣ ነስሩ። እንዳይሰማ አድርገህ ከጠራኸው ሰርቀኸዋል።»

ዛሬ በዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ አለ ይላሉ። ስምም በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጭቃ ረግጦ የሚጣራ ሰው አይፈለግም። ነገሩ ቀሏል። ያ ድምፅ ግን ይናፈቃል።

ሰው ሐቅ የሚበላው ሁልጊዜ በጉልበት አይደለም። ብዙ ጊዜ በዝግታ ነው፤ ደንቡ ሁሉ ተሟልቶ፣ ኒያው፣ የልቡ ሐሳብ ብቻ ጎድሎ። የሐጂ በሽር ፈተናም በጣም ትንሽ ነበረች፦ ከአግዳሚ አለመነሣት። እሳቸው ተነሡ፤ በመነሣታቸውም የሚወዱትን አጡ። አማና ማለት ይህ ነው። የሚመለስበት ቀን ያለው፣ ስንወደው ግን ቀኑን የምንረሳው።

ልጁን ጠርቶ «አቤት» የምትለው ያለችው አባት አልሐምዱሊላህ ይበል፤ አንድ ጊዜም ቢሆን ዝም ብሎ አይለፈው። ሦስቴ ጠርቶ መልስ ያጣውም ሰብር አድርጎ ይታገሥ። አማናው ወደ ባለቤቱ፣ ወደ አላህ ተመልሷል። ማዶው ሩቅ ሆኖ ነው እንጂ፣ እዚያ የሚሰማ አለ።