የማን እንደሆነች የጠፋት አህያ

አንድ ጊዜ ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ የተከለ ዝንጀሮ ነበር። ወፍጮው ትንሽ ቢሆንም ገበያው ደርቶለታል። ታዲያ ዝንጀሮ ቋሚ ሠራተኛ የሚባል ነገር አይወድም። «በረት ሥራላት፣ ስትታመም አስታማት፤ ምን አስጨነቀኝ!» ይልና በደላላው በቀበሮ በኩል አንዲት አህያ አስመጣ።

አህያ ከጠዋት ጀምራ የእህል ስልቻ ስታመላልስ ዋለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝንጀሮ በሩን ሊዘጋ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔስ የት ልደር?» አለችው።

«ያመጣሽን ጠይቂ! አንቺ የቀበሮ ነሽ» ብሎ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

እየተጣደፈች ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ሄደች። ቀበሮ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ «እመቤቴ፣ እኔ አገናኝ ነኝ እንጂ አሠሪ አይደለሁም። የዝንጀሮ ነሽ፤ እዚያው እደሪ» አላትና ተመልሶ ገባ።

ግራ ገባት። «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ጀርባዬ የተላጠው ለማን ነው?» እያለች ወደ ወፍጮው ስትመለስ፣ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ጅብ መንገዱን ዘጋባት።

ጅብ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ «አንበሳ ‹ጌታ ያላትን የበላ ቆዳው ይገፈፋል› ብሎ አውጇል። አንቺ የማን ነሽ?» አላት።

ልትዋሽ እንኳ የትኛው ውሸት፣ የትኛው እውነት እንደሆነ አልለይላት አለ። «አያ ጅቦ፣ እኔም አላውቀው» አለች።

«ጌታውን የማያውቅ አህያ አለ እንዴ?»

«ዝንጀሮ የቀበሮ ነሽ አለኝ፤ ቀበሮ የዝንጀሮ ነሽ አለኝ።»

ጅብ ራሱን አከከ። ነገሩ ከበደው፤ ሆዱ ደግሞ አላስችል አለው። «በይ እዚሁ ቁሚ! ጠይቄ መጣሁ» ብሎ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠ።

አይገርምም? አህያ እውነትም ቆመች። መልሱን እሷም መስማት ፈልጋ ነበር። ወዲያው የዝንጀሮ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፦ «የእኔ አይደለችም! እንደ ፍጥርጥርህ!»

ልቧ ቁርጥ አለ፤ እግሯ ግን ነቃ። ጅብ እስኪመለስ ሳትጠብቅ ዳገቱን ሽቅብ ወጥታ አህዮች መንደር ገባች፤ የደረሰባትንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

በማግስቱ ወፍጮው ዘንድ አንዲትም አህያ ዝር አላለችም። እህሉ ደጅ ላይ ተቆለለ፤ ደንበኞች እያጉረመረሙ ስልቻቸውን ከወንዙ ማዶ ወዳለ ሌላ ወፍጮ ወሰዱ። ዝንጀሮ እየተንደረደረ ቀበሮ ዘንድ ሄደና፣ «አህያዬን አምጣ!» ሲል ጮኸ።

ቀበሮ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ፣ «የቷን አህያህን?» አለው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሲሠራልን የእኛ ሲቸገር የሌላ ያደረግነው ሠራተኛ፣ በተቸገርን ቀን ከጎናችን እንደማናገኘው ነው።